ባለ ጎማ ማጀት

ሰው ስለ ቤቱ ሲያወራችሁ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የሳሎኑን ስፋት፣ የመስኮቱን ብዛት፣ የኮርኒሱን ዓይነት አንድ በአንድ ይቆጥርላችኋል። ስለ ማጀቱ ግን ትንፍሽ አይልም። እንግዳ የሚያየው ሳሎኑን ነዋ! ማጀት ማለት ሽንኩርት እየተላጠ ዓይን የሚያነባበት፣ ወጥ የሚያርርበት፣ ባልና ሚስት እንግዳ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጨቃጨቁበት ጓዳ ነው፤ ማን ያወራለታል? እኔም ብሆን ከትዳር ዘመኔ አብዛኛውን ማጀት የምገባው ውኃ ለመጠጣት ብቻ ነበር። እሱንም ብርጭቆው የት እንዳለ ጠይቄ። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰውዬ ነው አንድ ቀን ተነሥቶ ማጀት ልሥራ ያለው። ያውም ጎማ ያለው።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። የዛሬ ዘመን ነገር ሁሉ የሚጀመረው በስልክ አይደል? ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የቴክኒክ ሥዕል አስተምራለሁ፤ መስመር ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሳይ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። አንድ ቅዳሜ ስልኬን ስነካካ፣ አንድ ፈረንጅ ከመኪና ኋላ የሚጎተት ትንሽ ቤት በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ሐይቅ ዳር አቁሞ፣ የኋላ ክዳኑን ወደ ላይ ብድግ ሲያደርገው አየሁ። ውስጡ ማጀት! ምድጃው፣ ማጠቢያው፣ መሳቢያው፣ ሁሉም ቁም ሣጥን በማታክል ቦታ ተሰድሯል። ሰውዬው እንቁላሉን ጠበሰ፤ በላ፤ ሐይቁን ዝም ብሎ አየ። እኔም አሰብሁ። ሐይቅ እንደሆነ አለን፤ ከሱ ሐይቅ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። የጎደለን ክዳኑ ብቻ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዘንዘልማ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ሣር የዋጠው፣ ድሮ ጄኔሬተር ይጫንበት የነበረ ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች አገኘሁ። ብየዳ ቤት ወስጄ ላሜራ አስለበስሁት። ከውስጥ ለሁለት ሰው የሚሆን ፍራሽ ገባ። ማጀቱን ግን ራሴ ነኝ የምሠራው አልሁ። ወረቀቴን ዘርግቼ፣ እርሳሴን ቀርጬ፣ ለስንት ምሽት አጎነበስሁ መሰላችሁ! ባለ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ፣ ከጎድጓዳ ሳህን የሚበጅ ማጠቢያ፣ ባለ ቧንቧ ጀሪካን፣ ከኮምፔንሳቶ የሚሠሩ መሳቢያዎች። አንድ ድስት። አንድ መጥበሻ። ሁለት ሳህን። ሁለት ብርጭቆ። ሥዕሉ እንዴት ያምር ነበር!

ባለቤቴን አስካለን ጠርቼ አሳየኋት። አስካለ የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ከእንፍራንዝ ወደ ጣና ወረድ ብሎ፣ የቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው ያደገችው። አባቷ መሪጌታ ይባቤ ዛሬም እዚያው ዜማ ያስተምራሉ። እሷም የዜማ ቤት ልጅ ናትና ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«የጾሙ ድስትስ?»

«የምን የጾም ድስት?»

«ማክሰኞ ሥጋ በሠራሁበት ድስት ረቡዕ ሽሮ ልሠራ ነው? ፈረንጅህ አይጾም ይሆናል፤ እኔ እጾማለሁ።»

ይህን የምታነቡ ባለ ማጀቶች አሁን እየሳቃችሁብኝ እንደሆነ አውቃለሁ። የጾም ድስትና የፍስክ ድስት እኮ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ የተኳረፉ ጎረቤቶች ናቸው፤ ማማሰያ እንኳ አይበዳደሩም። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ስበላ ኖሬ አላውቅም ነበር። ሥዕሌ ተቀደደ። በሁለተኛው ሥዕል ድስቱ ሁለት ሆነ፤ ማማሰያው ሁለት፤ መጥበሻው ሁለት። ቅቤና ዘይት እንዳይነካኩ መሳቢያው መሐል ግድግዳ ቆመ። ይህን ጨርሼ እፎይ ስል ደግሞ፣

«እንግዳ ቢመጣስ?» አለችኝ።

«አስኩ፣ እንግዳ የሚመጣው ቤት ነው። እኛ እኮ የምንሄደው እንግዳ የማያገኘን ቦታ ነው።»

ትክ ብላ አየችኝ። ተቆጥታ አይደለም፤ የምሯን ግራ ገብቷት ነው። «እንግዳ የማያገኘው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች።

ሦስተኛውን ሥዕል ጀመርሁ።

ማጀቱ አልቆ ለሙከራ ኮብልስቶኑ ላይ ዞር ዞር አደረግነው። ስንመለስ በርበሬው ከስኳሩ፣ ስኳሩ ከሽሮው ተዋዷል። ክዳኑን ብድግ ሳደርግ ቀይ ደመና ወጥቶ ሰፈሩን በሙሉ አስነጠሰው። ያስነጠሰ ሁሉ ምን መጣ ብሎ ወጣ፤ የወጣ ሁሉ ከበበን። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ስበው፣ ገፍተው፣ ክዳኑን በጣታቸው አንኳኩተው ሲያበቁ፣ «ቤት ነው እንጂ!» ብለው ፈረዱ። ቤት ከተባለ ደግሞ ባዶ እጅ አይመጣበትም። በማግሥቱ እሳቸው ስድስት ብርጭቆ ከነትሪው ይዘው መጡ። አንዱ ጎረቤት ፔርሙስ፣ ሌላዋ ሳህን በደርዘን አመጣች። ቁም ሣጥን በማታክል ቦታ ደርዘን ሳህን! ለምርቃቱ ቄጠማ ሊጎዘጎዝም ነበር፤ የሚጎዘጎዝበት ወለል ጠፍቶ ቀረ እንጂ። እኔም ቆርቆሮዎቹን በአሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ እያሰርሁ፣ ብርጭቆዎቹን በፎጣ እየጠቀለልሁ፣ አሜን ብዬ ተቀበልሁ።

«እንግዲህ የፊታችን ዐርብ እንወጣለን» አልኋት አስካለን። «እዚሁ ቅርብ፣ ሐይቁ ዳር። ቅዳሜ ዓሣ እንጠብሳለን።»

«መጀመሪያ አባቴ ዘንድ ነው የምንሄደው።»

«ለመጠየቅ?»

«ለማብላት።»

ይህን ስትል ፊቷን አዙራ የጾሙን ድስት እየወለወለች ነበር። ከተጋባን ጀምሮ አባቷ ቤታችን መጥተው አያውቁም። ቂም አይደለም፤ ኩርፊያም አይደለም። ተማሪዎቻቸውን ጥለው አይሄዱም፤ መኪና ደግሞ ገና ሞተሩ ሲነሣ ሆዳቸውን ይገለብጣቸዋል። ለመስቀል እመጣለሁ ይላሉ፤ መስቀል ያልፋል። ለፋሲካ ይላሉ፤ ፋሲካም ያልፋል። እኛ እሳቸው ዘንድ ስንሄድ አስካለ እንግዳ ናት፤ ዘመድ ሁሉ ተሻምቶ ይጋብዛታል እንጂ ድስት አያስነካትም።

«በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ድስቴ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳላበላቸው ሊያረጁ ነው» አለችኝ። «እሳቸው ቤቴ መምጣት ካልቻሉ ቤቴን እወስድላቸዋለሁ።»

ለማን ማጀት ስሠራ እንደከረምሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ዐርብ በማለዳ ተነሣን። በአሮጌዋ ፒክአፓችን ላሜራ ቤታችንን እየጎተትን ስንሄድ ያላየን ሰው የለም። በየከተማው ለፍጥነት ማብረጃ ቀስ ባልን ቁጥር አንዱ መስኮት ያንኳኳል። «ዳቦ ነው አይስክሬም?» ይላል። አንድ ሽማግሌማ መንገድ ዳር አስቁመውን፣ ሻይ አዘው፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አስካለ ወርዳ ከፔርሙሱ ቀዳችላቸው። ጠጥተው፣ ሒሳብ የለም ቢባሉ ተቀየሙ፤ «ታዲያ በምን ትኖራላችሁ?» ብለው አዘኑልን።

ደርሰን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ዋርካው ሥር አቆምን። እኔ ቤቱ በገዛ እግሩ ቆሞ ይታይልኝ ብዬ ከፒክአፗ ፈታሁት፤ ከፊት አንዲት የብረት እግር አለችው። አስካለ ክዳኑን አነሣች፤ መቀነቷን ጠበቅ አደረገች፤ ምድጃው ተለኮሰ። ሽሮው ሲንተከተክ፣ ምስሩ ሲወጣ፣ ሱፉ ሲበጠበጥ የሰፈሩ ሴቶች ከበው ያያሉ። አንዷ፣ «እግዚኦ! ማጀቱ ደጅ፣ መኝታው ቤት!» ብላ አማተበች።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መሪጌታ ይባቤ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ሁለት አዛውንት ካህናት ግራና ቀኝ፣ ተማሪዎቻቸው ከኋላ ሆነው መጡ። ዋርካው ሥር ሲደርሱ ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና በዚያ ማሕሌት በሚሞላ ድምፃቸው፣

«ቤት ለእምቦሳ!» አሉ።

አስካለ ማማሰያዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። «እምቦሳ እሰሩ፣ አባዬ» አለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚባል መልስ ነው፤ እናንተም እኔም ሺህ ጊዜ ብለነዋል። እሷ ግን ይህችን አንዷን ለስንት ዘመን አፏ ውስጥ ይዛት እንደኖረች አሁን አየሁ።

ከዋርካው ጥላ ምንጣፍ አንጥፈን ነበር። መሪጌታ ምንጣፉን አዩት።

«ይህ ለማን ነው?»

«ለእርስዎ ነው፣ አባባ። ውጭ ቢሆን ይነፍስልዎታል ብለን ነው» አልሁ።

«ልጄ ቤት መጥቼ ደጅ ልቀመጥ?» አሉ።

ጋቢያቸውን ሰብስበው በጎን በኩል ባለችው በር ጎንበስ ብለው ገቡ። ካህናቱም ተከተሏቸው። በመኝታውና በማጀቱ መካከል ጨው ለማቀበል ብዬ የከፈትኋት ትንሽ መስኮት አለች። መሪጌታ የልጃቸውን ፊት ሊያዩ መስኮቷን ተጠግተው ወደ ኋላ ተቀመጡ። ካህናቱም አጠገባቸው ጠጋ፣ ጠጋ አሉ።

ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ሚዛን መሆኑን ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። አስተምረዋለሁ እኮ! ብቻ ሥዕሌ ላይ ሦስት ካህናት አልነበሩም፤ ከኋላም እግር አላበጀሁለትም።

ከመኪናው ጋር የሚያያዘው የፊተኛው ብረት ቀስ ብሎ ወደ ሰማይ መነሣት ጀመረ። ማጀቱ ወደ መሬት አዘቀዘቀ። መሳቢያዎቹ በየተራ ወጡ። አስካለ «ወይኔ ሽሮዬ!» ብላ ድስቱን በነጠላዋ አቀፈችው። እኔ ሮጬ ብረቱ ላይ ተንጠለጠልሁ። ቀጭን ሰው ነኝ፤ ብረቱ እኔንም ይዞኝ ወጣ። እግሬ አየር ላይ ሲንፈራገጥ ያዩ ተማሪዎች ሳቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው እየተንከተከቱ መጡና አንዱ በአንዱ ላይ ብረቱ ላይ ሰፈሩበት። ቤቱ ቀስ ብሎ ወረደ። ረጋ።

«ምን ሆነ?» አሉ መሪጌታ ከውስጥ።

«ምንም አልሆነ፣ አባዬ!» አለች አስካለ፣ ድስቷን እንዳቀፈች። «አዲስ ቤት አይደል? እየተደላደለ ነው!»

እንግዲህ ከብረቱ ላይ ማን ይነሣ? የተነሣ እንደሆነ ሦስት ካህናት ከነሽሮው ይገለበጣሉ። እንደ ወፍ ተደርድረን ተቀመጥን፤ እኔ ጫፍ ላይ። አስካለ የእትዬ ጥሩወርቅን ብርጭቆዎችና የጎረቤቶቿን ሳህን በሙሉ አወጣች፤ ከቤት በአገልግል የመጣውን እንጀራ ዘረጋች፤ ለኛ እዚያው ብረታችን ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ለተቀመጡት የሰፈር ሴቶች እዚያው፣ ለካህናቱ በመስኮቷ አቀበለች። ሁለት ድስት ተሟጠጠ፤ ሁለቱንም የጾም አድርጋቸው ኖሯል።

ከተቀመጥሁበት ሆኜ ያየሁት አንድ ነገር ግን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። አስካለ ጠቅልላ እጇን በዚያች የጨው መስኮት ሰደደች። መሪጌታ ይባቤ፣ ዜማ ሲስቱ ተማሪዎቻቸው የሚንቀጠቀጡላቸው ሰውዬ፣ አንገታቸውን አስግገው እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፈቱ። ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ። ሲውጡም፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉና ደግመው ከፈቱ።

ከምግብ በኋላ ምርቃት ሆነ። የመሪጌታ ምርቃት ደግሞ አጭር አይደለም። ድስቱን መረቁ፤ ምድጃውን መረቁ፤ ጎማውን በየተራው መረቁ። እኛ የብረቱ ሰዎች እግራችን ደንዝዞ፣ ይህ የመጨረሻው በሆነ እያልን፣ አሜናችንን ከሁሉም በላይ አድምቀን እንጮኻለን። መሪጌታ የሕዝቡ አሜን እንዲህ ከልብ ሲሆን ሰምተው ጨመሩልን።

ካህናቱ ሲወጡ መሪጌታ፣ «ጥቂት ጎኔን ላሳርፍ» ብለው ፍራሹ ላይ ጋደም አሉ። ወዲያው እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። እኔ ከኋላ ድንጋይ ቆልዬ ተማሪዎቹን ነፃ አወጣኋቸው። አስካለ በመስኮቷ በኩል ነጠላዋን እያወዛወዘች ዝንብ ትከላከልላቸው ጀመር። ዓሣ ልንጠብስ ነበር ወይ? ዓሣውስ ይቅር፤ ማታ ማረፊያችንም ጠፋ። አማቴ ከሠርክ ጸሎት ሲመለሱ የራሳቸውን ቤት አልፈው ቀጥታ ወደ ተጎታቹ ገቡ። እኛ እሳቸው መደብ ላይ አደርን። ወገቤን ቢያመኝም፣ አስካለ አጠገቤ ሆና «አባቴ ቤቴ አደሩ» እያለች ብቻዋን ስትስቅ እየሰማሁ ምን ብዬ አማርራለሁ?

በማግሥቱ ቤቱን ከፒክአፗ ጋር ስናያይዝ አማቴ ጎማውን በመቋሚያቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ የኔን ግንባር ሳሙ፤ የልጃቸውን ሁለት ጉንጭ ይዘው ቆዩ።

«በይ እንግዲህ ልጄ፣ ቤትሽን አየሁት» አሏት። «መንገዱንም ለመድሁት። ከእንግዲህ ብቅ እያልሁ እጠይቃችኋለሁ።»

እውነትም ቃላቸውን አላጠፉም። በየጊዜው ቤታችን ይመጣሉ፤ ይዘንላቸው በሄድን ቁጥር።