ከሠርግ በፊት የተመረመረ ደም

ምንም ያላመማትን ልጇን መርፌ ካላስወጋች እንቅልፍ የማይወስዳት እናት አጋጥማችሁ ታውቃለች? እዚህ ሶዶ አንዷን በቅርብ አውቃታለሁ፤ እኔው ነኝ።

ልጄ ልታገባ ስትል ቤተ ክርስቲያን የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት ጠየቀን። ላብራቶሪ እንደደረስን፣ "ደሟ ከተቀዳ አይቀር የካንሰሩም ይታይላት" አልኩ።

"እማ፣ ምኔን አመመኝ?" ብትለኝ ዝም አሰኘኋት።

ኤችአይቪ የለባትም፤ የካንሰሩ ምርመራ ቁጥር ግን ከመደበኛው ትንሽ ከፍ አለ። ነገር መደበቅ አልወድምና ወረቀቱን ወስጄ ለሚያገባት ልጅ ወላጆች አሳየሁ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቻቸው ተበላ ከሚባለው ከተማቸው መጡ።

"ልጅሽን አልጠላናትም፤ ግን ሠርጉ ይቆይ።"

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ማህፀኗንና አካባቢውን በአልትራሳውንድ አይቶ ምንም አላገኘም።

"ደም ስትሰጪ የወር አበባ ላይ ነበርሽ?" አላት። ነበረች። ለካ በዚያም ቁጥሩ ከፍ ይላል።

"እንግዲያው ካንሰር የለባትም ብለው ይጻፉልኝ" አልኩት።

"እናቴ፣ ይህ ምርመራ አለባትም የለባትም ብሎ አያረጋግጥም። ላልታመመ ሰው አናዘውም። ለመሆኑ ማን አዘዘላት?"

ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ልጁ ሌላ አገባ። ሙሽራዋ ያመጣችው የኤችአይቪውን ወረቀት ብቻ ነው። እናት የላትም አሉ፤ ታድላ።