«መጣሁ» ብሎ የወጣ ሰው

የእያንዳንዱን አባባል አመጣጥ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችሁ አለ? የእኛው፣ የቆቦው፣ ልብስ ሰፊው አያ ሙሄ ነው። ከየት እንደሰማው ከጠየቃችሁት ግን ይቆጣል።

ያን ቀን ወንድሜ ሰይድ ከወንዙ ማዶ ያለውን ማሽላችንን ሊያይ ተነሳና «ሄድኩ» አለን። ደጃችን ላይ የሚሰፋው አያ ሙሄ የስፌት መኪናውን አቁሞ ጮኸ።

«አንተ! ‹ሄድኩ› የሚለው የማይመለስ ሰው ነው። ‹መጣሁ› በል!»

«ሳልሄድ እንዴት ነው የምመጣው አያ ሙሄ?»

«ቃሉ ራሱ ጎትቶ ይመልስሃል። የጥንት ሰዎች ለዚህ ነው ያወጡት። በል እንጂ!»

ሰይድ ሳቀ። «እሺ፣ መጣሁ» አለና ወጣ።

ቆቦ ላይ ደመና አልነበረም። የዘነበው ደጋ ላይ ነበር። ጎርፉ በጠራራ ፀሐይ ደርሶ ወንድሜን ወሰደው።

አያ ሙሄ ከዚያ በኋላ ዝም ያለ መስሏችኋል? ከቀብር መልስ እናቴ አጠገብ ተቀመጠና፣ በትልቅ ሊቅ ድምፅ፣ «‹መጣሁ› ባለ ሰው ላይ በር አይዘጋም» አላት። ይህንንስ ከየት አመጣው? እናቴ ግን በሩን አላስነካ አለች። ቤታችን ተከፍቶ አደረ።

ጠዋት ጀሪካን አንስቼ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። «መጣሁ» ማለት ፈራሁ። «ሄድኩ» ማለትም ፈራሁ። ዝም ብዬ ሄጄ፣ ቀድቼ ተመለስኩና፣ አሁንስ እውነት ነው ብዬ ደጃፉ ላይ «መጣሁ» አልኩ።

የእኔና የሰይድ ድምፅ ይመሳሰላል።

«መጣህ ሰይዴ?» አለች እናቴ ከውስጥ። «በል በሩን ዝጋው።»

ገባሁና ዘጋሁት።