የእትዬ ሰዓደት ጩኸት

የእትዬ ሰዓደትን ድምፅ መጀመሪያ በስልክ የሰማሁት ጥቅምት 11 ቀን 1997 ነው እያልኩ ስናገር ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው ግን ጥቅምት መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ከደዋዩ ጀርባ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ መስማቴ ትዝ ይለኛል፣ ጥቅምት ደግሞ እንዲያ አይዘንብም። ምናልባት ነሐሴ ነበር። ወይም ደግሞ፣ ኋላ እንደገባኝ፣ ዝናብ ያልኩት ድስት ነበር።

በየሰፈሩ አንዲት ጯሂ ሴት አለች። የሌለችበት ሰፈር ካለ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። ሹክሹክታ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሰላምታዋ ጠብ ይመስላል፣ ጠቧ ደግሞ ሰርግ። ከእሷ ፊት ሚስጥር ማውራት አደባባይ ወጥቶ እንደማወጅ ይቆጠራል። የመርካቶው ተወካይ፣ የሰባተኛ ሰፈር ዋና ድምፅ ማጉያ፣ ክብርት እትዬ ሰዓደት ነበሩ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ በሳይኮሎጂ ተመርቄ፣ አብነት አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ፣ ወጣቶች ስለ ፍቅር፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ አባላዘር በሽታና ስለ ኤች አይ ቪ በነፃ ደውለው በሚጠይቁበት ሚስጥራዊ የስልክ መስመር አማካሪ ነበርኩ። ስም አንጠይቅም፣ ስማችንንም አንናገርም። በየግድግዳው የለጠፍነው ማስታወቂያ «ብቻችሁን ሆናችሁ ደውሉ» ይላል። ያን የጻፈው ሰው መርካቶን በካርታ እንኳ አላየም። መርካቶ ብቻውን የሚሆን ሰው የለም። ሞባይል ያለው አባት እንጂ ልጅ አይደለም፤ የቤቱ ስልክ ሳሎን ነው፣ ሳሎን ደግሞ አክስት አለች። ልጆቹ ታዲያ ከሱቅ ስልክ ይደውላሉ፤ ብዙዎቹም ከእትዬ ሰዓደት ድስት መሸጫ።

አንዱ ወጣት ስለ ኮንዶም ሊጠይቀኝ ገና አፉን ሲከፍት፣ ከጀርባው፣

«ሙናዊር! አንተ ሙናዊር! ብርድ ልብስህን ከፊቴ አንሳልኝ! ፀሐዩን ገዝተኸዋል እንዴ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ፀሐዩ ምን ያደርግልሻል? ድስትሽን ልታሰጪው ነው?» ይላል የወንድ ድምፅ።

ከዚያ ክዳን በድስት ላይ ይወርዳል። በመጨረሻም የታወቀው ማሳረጊያ ይከተላል፦ «ጆሮ ያለው ይስማ! የሌለው መርካቶ ነው፣ ይግዛ!»

ቢሮ ውስጥ «ዋና አማካሪያችን» እንላቸው ነበር። በወርኃዊ ሪፖርታችን «የመስመር ችግር» በሚለው ሥር አንዷ ባልደረባዬ «ድስት» ብላ ጽፋ አለቃችን ጠርተው ገሥጸዋታል። እኔ ግን እየቆየ ሳቁ ጠፋብኝ። ምክንያቱም አንዲት ልጅ ነበረች።

«እስከዳር በሉኝ» ብላኛለች፤ የውሸት ስም መሆኑ ያስታውቃል። ከአሥራ ሰባት አታልፍም። መጀመሪያ ደውላ በስንት ሰዓት እንደምንዘጋ ጠይቃኝ ዘጋች። በሁለተኛው፣ «ለካ ክፍት ናችሁ» አለችና ዘጋች። በሦስተኛው ትንፋሿን ሰብስባ፣ «ሁለት ወር ሆነኝ…» ስትል የድስት መዓት ወረደ።

«ምንሽ ነው ሁለት ወር የሆነው?» ብዬ ጮህኩ።

«በጣም አመሰግናለሁ» አለችና ዘጋች።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሚጠይቁት ሰው ያጡ ልጆች የየትኛዋን ፅንስ አስወራጅ ጓዳ እንደሚያንኳኩ፣ ከዚያም እንዴት ሆነው እንደሚወጡ በዚያ መስመር ላይ ብዙ ሰምተናል። ቅዳሜ እትዬ ሰዓደትን ዝም ላሰኛቸው ቆርጬ ሰባተኛ ወረድኩ።

ግዙፍ ሰው ጠብቄ ነበር። ከባንኮኒው በላይ የሚታዩት ሻሻቸውና ሁለት ዓይኖቻቸው ብቻ ናቸው። ማን እንደሆንኩ መናገር ስለማይፈቀድልኝ፣ «ድስት ፈልጌ ነበር» አልኩ።

«ለስንት ሰው?»

«ለአንድ።»

«ለአንድ ሰው ድስት አይሸጥም፤ አግባና ና!»

በዚህ መሀል አንድ ወጣት ገባና ስልኩን አነሳ። ከኋላው ተራ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች አሉ። ልጁ እንደ እኛ መስመር ያለ አጭር ቁጥር ደውሎ በስልኩ ላይ ጎንበስ ሲል፣ የሦስቱም አንገት አንድ ላይ ሲሰግግ አየሁ። እትዬ ሰዓደት ጣቱን በዓይናቸው ሲከተሉ ኖሯል። አጭር ቁጥር የእሳት አደጋም ነው፤ ግን ለእሳት አደጋ ጎንበስ ብሎ፣ ላብ እያጠመቀው የሚያወራ ማን አለ? ክዳኑን አነሱ።

«ሙናዊር!»

ፊት ለፊት ብርድ ልብስ የሚሸጠው ሙናዊር ሻዩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ ሥራ እንደሚገባ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና መለሰላቸው። ልጁ አጠገብ ቆሜ አንድ ቃል አልሰማሁም። ተሰላፊዎቹም አልሰሙ፤ አንደኛው እንዲያውም ተስፋ ቆርጦ ወደ ጠቡ ዞረ። ልጁ ስልኩን ዘግቶ ሲወጣ ጩኸቱ እንደ ቧንቧ ውኃ ቀጥ አለ። ሙናዊር ወደ ሻዩ ተመለሰ። ቀና ብዬ ሳይ ብርድ ልብሱ የተሰቀለበት ጎን ፀሐይ ከናካቴው አይደርስበትም።

ልቆጣ የመጣሁት ሰውዬ የሁለት ሰው ድስት ገዝቼ ወጣሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሴትዮዋ ልጆቹን ከሰው ጆሮ ሲጋርዱ እኔ አስጩኼ ላናግራቸው እታገል ነበር። ረቡዕ እስከዳር ስትደውል፣ «ምንም አትናገሪ» አልኳት። «እኔ ልጠይቅሽ፤ አንቺ አዎ ወይም አይ ብቻ በይኝ። የወር አበባሽ ነው የቀረው?»

«ሙናዊር! አንተ ቀጣፊ!»

«አዎ።»

«ምርመራ አድርገሻል?»

«አይ።»

«ስም የማይጠይቁበት ክሊኒክ አለ። ልንገርሽ?»

ድስት ወረደ፤ ሌላ ድስት ወረደ።

«አዎ» አለች። ቦታውን ነገርኳት።

በስምንተኛው ቀን ደወለች። «ሄድኩ። አይደለም አሉኝ። ደህና ነኝ።» ከጀርባዋ «ጆሮ ያለው ይስማ!» ሲባል ሳቋ አመለጣት። ስትስቅ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋት።

ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ረድፍ ሊፈርስና ፎቅ ሊሠራበት ነው ሲባል ሰማሁ። እኔም ሥራውን ትቼ፣ ሞባይልም በየኪሱ ገብቶ ነበር። አንድ ነገር ብቻ እንደ እሾህ ቀርቶብኛል፦ ይህን ማን አስተማራቸው? እሳቸው ወይም የእሳቸው የሆነ ሰው ማንም ሳይጋርደው ሲደውል ሰው የሰማበት ቀን ነበር? ልጠይቃቸው ሄድኩ።

ስደርስ ድስቱ ሁሉ ኢሱዙ ላይ ተጭኗል፤ እትዬ ሰዓደት ክዳን ታቅፈው ጋቢና ተቀምጠዋል፤ ሹፌሩ ሞተር አስነሥቷል። በመስኮቱ ጠጋ ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«እትዬ ሰዓደት፣ አንድ የግል ነገር ልጠይቅዎ ነበር።»

አዩኝ። ሹፌሩን አዩ። ገመድ የሚያጠብቁትን ወዛደሮች፣ ቆሞ የሚያየውን መንገደኛ አዩ። ትልቅ ሰው ነው ብለው አላለፉኝም። ክዳኑን አንሥተው በሩን መቱት።

«ሙናዊር! ብርድ ልብስህን አንሳልኝ!»

ሙናዊር ብርድ ልብሱን ሁሉ አጣጥፎ ጨርሷል፤ የተሰቀለ አንድም የለም። ቢሆንም ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አላነሳም! ምን ታመጫለሽ?»

ድስቶቹ ተንኳኩ፤ ኢሱዙው ተነቃነቀ። እኔም በዚያ ሁካታ መሀል ጠየቅኋቸው፤ እስከ መጨረሻው ቃል። ማንም አልሰማኝም።