ቡና ያልገባበት ቤት

ስለ ቡና የሚወራውን ሁሉ ያመነ ሰው መቼም ጤና አያገኝም። አንድ ሰሞን «ልብ ያደክማል» ይሉንና ከስኒው አጠገብ ተሸማቀን እንቀመጣለን። አሁን ደግሞ አዋቂዎቹ ዞረው፣ በልክ የጠጣ ሰው ከልብ ሕመም ሳይጠበቅ አይቀርም ማለት ጀምረዋል። እኔ ጡረተኛ አስተማሪ ነኝ፤ መልሱን እንዲህ ለሚቀያይር ተማሪ ዜሮ ነበር የምሰጠው። ብቻ ይህ ወሬ እዚህ ጎንደር፣ እኛ ሰፈር፣ ትዳር ሊያፈርስ ምንም አልቀረው።

ጎረቤቴ የኔታ ላቀው የድጓ መምህር ናቸው። «አባቶቼ ያልቀመሱትን አልቀምስም» ብለው ቡናን ከነጀበናው ከቤታቸው ያገዱት ገና ሳላውቃቸው ነው። ባለቤታቸው ጥሩወርቅ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ናት። እሷ ግን፣ አደራ ከእናንተ አይውጣ፣ በየቀኑ እኛ ቤት መጥታ ትጠጣለች። ለየኔታ የምትነግራቸው አማቴን እግራቸውን ስላመማቸው ልትጠይቅ እንደምትመጣ ነው። የአማቴ እግር እኮ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ሽንኩርት ተሸክሞ የሚመለስ እግር ነው! የኔታ ይህን ሳያውቁ በየማለዳው ይጸልዩለታል፤ እንዲያ የበረታውም በዚያ ይሆናል።

ታዲያ በቀደም የኔታን ዳገት ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። ጸበሉም ተሞከረ፣ አልተሻላቸውም፤ ጥሩወርቅ አልቅሳ ለመነቻቸውና እኔም ተጨምሬ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙ የየኔታ ልብ መድከሙን ነግሮ ኪኒን አዘዘ። ከመጣች አይቀር ብሎ እሷንም መረመራትና ልቧ የኮረዳ ልብ ነው አለ። የኔታ ይህንንም ከጸሎታቸው ቆጠሩት።

ሐኪሙ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ስለ ጨው፣ ስለ ቅቤ ሲጠይቅ ቆይቶ ቡና ላይ ደረሰ። የኔታ ፊታቸውን አጨፍግገው ቡና ቤታቸው ገብቶ እንደማያውቅ ነገሩት። እሱም የኪኒኑን ቦታ ባይተካም፣ በልኩ ከሆነ ለልብ ሳይጠቅም እንደማይቀር ጥናቶች እንደሚጠቁሙ አስረዳና ወደ ጥሩወርቅ ዞረ።

«እርስዎስ ይጠጣሉ?»

እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ። ለሐኪም አይዋሽም፤ እውነቱ ከወጣ ደግሞ በቁርባን የጸናው ትዳር ሊናጋ ነው። በሐሳቤ ሽማግሌ መምረጥ ጀመርሁ።

«እጠጣለሁ» አለች የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች። «በየቀኑ።»

ከየኔታ ቁጣ ስጠብቅ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ምነው ጥሩዬ? እኔን ቀብረሽ ብቻሽን ልትኖሪ ኖሯል?»

እሷም አለቀሰች። የደበቀችው ቁጣቸውን ፈርታ እንደሆነና ያለ እሳቸው አንድ ቀን ማደር እንደማትሻ ምላ ተገዝታ ነገረቻቸው። እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ መሐረብ ፍለጋ ኪሴ ገባሁ።

የኔታ ዓይናቸውን አብሰው፣ ቡናውንም ከኪኒኑ ጋር በወረቀት እንዲያዝላቸውና ማኅተም እንዲመታበት ሐኪሙን ለመኑት፤ ለደብሩ ካህናት ሊያሳዩት ነው። ሐኪሙ ሳቀ። ቡና መድኃኒት ስላልሆነ በወረቀት አይታዘዝም አላቸው። የኔታ ጥቂት አሰቡና ወደ ሚስታቸው ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲህ እንዴት እንደሚደበቅ አስተምሪኝ።»