ሊቀ ፈሪዎች ሣህለ ማርያምና የሁዳዴው ወተት

በየቀበሌው ሊቀ መንበር የሚሾመው መንግሥት ነው፤ በየሰፈሩ ፈሪ የሚሾመው ግን እግዚአብሔር ነው። ፈሪ ያልተሾመለት ሰፈር የለም። ዝናብ ሳይመጣ ጎርፍ የሚታየው፣ ሰው ሲያስል መቃብር የሚለካ፣ ሠርግ ቤት ገብቶ ዳሱ እንዳይወድቅ ምሰሶውን የሚነቀንቅ አንድ ሰው እናንተም አላችሁ። የለንም ካላችሁ ዛሬ በራችሁን ዘግታችሁ ዋሉ፤ «ምን ነካችሁ? አላችሁ ወይ?» ብሎ የሚያንኳኳው እሱ ነው።

የሞጣው የእኛ ሰፈር ሊቀ ፈሪዎች ጋሽ ሣህለ ማርያም ነበሩ። አንድ ግቢ ተከራይተን፣ አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ለይቶን ስለኖርን ሲፈሩ ይሰማኝ ነበር። እግዜር ሲቀልድባቸው ዕድሜያቸውን የፈጁት በእህል መጋዘን ዘበኝነት ነው። ማታ ማታ መጋዘኑ ውስጥ ገብተው ከውስጥ ይቀረቅሩ ነበር አሉ። «ሌባ ቢመጣስ?» ሲባሉ፣ «እሱን ብዬ አይደል የምቀረቅረው!» ከዚያ መጋዘን አንድ ቁና እህል ሳይጠፋ ጡረታ ወጡ። ፍርሃት ሥራ አይሠራም የሚል ካለ ይምጣ።

ሰማይ ሲያጉረመርም፣ ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል ብለው የሰውን ሹራብ ሁሉ ከገመድ ላይ ይለቅማሉ። ወደ ቢቸና ሲሄዱ አውቶቡሱ በር ሥር ይቀመጡና ቁልቁለት በመጣ ቁጥር «ወራጅ!» ይላሉ። ሞባይል ሞጣ በገባበት ሰሞን ልጃቸው የላከላቸውን ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው «ማነህ? ከዚያው ሆነህ ተናገር!» ይሉት ነበር። የንግግራቸው ሁሉ ማሰሪያ አንድ ነው፦ «ኋላ ጉድ እንዳይፈላ!»

እንግዲህ በሁዳዴ መግቢያ ከቦይ ውስጥ የድመት ልጅ ያነሱት እኚህ ሰው ናቸው።

እውነቱን ለመናገር አላነሷትም። ጭብጥ የማትሞላ፣ አመድማ፣ አንድ ዓይኗ በዓይን አር የተጣበቀ ነገር ናት። «አብዳ ይሆናል» ብለው ከሩቅ ጸበል ረጯት። ተከተለቻቸው። ሮጡ፤ ሮጠች። ቤት ገብተው ዘጉ፤ በበሩ ሥር ሾልካ ገባች። ከዚያ ቀን ወዲያ እሷን መፍራት ትተው ለእሷ መፍራት ጀመሩ። ይኼኛው ባሰ።

የጋሽ ሣህሌ ጡረታ ወር ሳይጋመስ ራሱ ጾም ይገባል። በደህናውም ጊዜ ወተት የሚገባበት ቤት አልነበረም፤ በሁዳዴማ ወተት ስሙም አይነሳ። ሽሮ አቀረቡላት፤ አሸተተችና ቀና ብላ አየቻቸው። ንፍሮ አላምጠው ሰጧት፤ ተጫወተችበት። ጎኗ ከቀን ወደ ቀን እየተለጠፈ ሄደ።

በዚህ መሀል፣ ዓርብ ጠዋት ለባለቤት አልባ ውሾች መርዝ ያለበት ሥጋ ይጣላልና ሰው እንስሳውን ይዞ እንዲውል በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ጋሽ ሣህሌ ከንፈራቸው ደርቆ እኔ ዘንድ መጡ።

«ሰማህ?»

«ለውሻ እኮ ነው ጋሼ።»

«የተራበ ሆድ ማስታወቂያ ይሰማል? ሁዳዴ ነው፤ ዓርብ በዚህ ሰፈር ሥጋ ቢገኝ ያ መርዙ ብቻ ነው። ካልጠገበች ትወጣለች፤ ከወጣች ሞተች።»

ልስቅ ፈልጌ ነበር፤ ሳቁ አልመጣልኝም። እኚህ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ነበሩ።

በቅርብ ወተት ያለበት ቤት አንድ ነው፤ ማዶ ጨርቅ የምትነግደው፣ ላም ያላት ሳብሪያ ቤት። በነጻ ይውሰዱ ብትላቸው ነጻ ነገርም ይፈራሉ፤ ስለዚህ ማልደው የሱቋን ደጅ ይጠርጉላታል፣ እሷ በጣሳ ወተት ትሰጣቸዋለች። ጣሳውን ጋቢያቸው ውስጥ ሲደብቁት አይታ፣

«ጋሼ፣ ለድመት አይደል እንዴ? ምን ያሸሽግዎታል?» አለቻቸው።

«በሁዳዴ ወተት ይዤ፣ ለድመት ነው ብል ማን ያምነኛል ልጄ?»

«ትንሽ ሥጋም ልጨምርልዎት?»

ጋሽ ሣህሌ ደነገጡ። «እናንተ ያረዳችሁትን? የክርስቲያን ቤት ድመት እኮ ናት!»

«አይጥ ስትበላስ ማን ባርኮ ያርድላታል?»

ሥጋውንም ወሰዱ። ቀኑን ሙሉ፣ ተለውጣ እንደሆነ ብለው ድመቷን ሲያዩ ዋሉ። የተለወጠው ጉልበቷ ነው፤ ግድግዳ መውጣት ጀመረች።

ታዲያ የሰፈራችን ዜና ማሠራጫ ወይንእሸት ጋቢያቸው ጫፍ ላይ የወተት ጠብታ አየች። ጠዋት ጠብታ የነበረው ቀትር ላይ ጣሳ ሆነ፤ ማታ ጋሽ ሣህሌ ሳብሪያ ቤት ጥሬ ሥጋ ሲቆርጡ ታዩ። «የንስሐ አባቱ ቄስ አካለ ወልድ ምን ይሉ ይሆን? እኔማ ለነፍሱ ብዬ ነው!» አለች፣ ለነፍሳቸው ብላ ቤት ለቤት እየዞረች።

«ድመት አለኝ ብለው ለሰዉ አይነግሩም?» አልኳቸው ጋሽ ሣህሌን።

«የቦይ ድመት ናት፣ ታብዳለች ይሉና ራሳቸው መርዙን ያጎርሷታል! እኔን ቢያሙኝ አልሞትም።»

ሐሜትን ከመብረቅ አስበልጠው እንደሚፈሩ አውቅ ነበር።

ዓርብ ደረሰ። ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ወትፈው፣ በሩን ቀርቅረው ተቀመጡ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጩኸታቸውን ሰምቼ ብቅ ስል፣ ድመቷ በግድግዳውና በቆርቆሮው መሀል ሾልካ ወጥታለች።

የወተቱን ጣሳ ይዘው ወጡ። ጋቢም፣ መሸፈኛም የለም። ሰዓቱ ደግሞ ቅዳሴ የሚወጣበት ነው፤ መንገዱ ነጠላ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። በዚያ መሀል ጋሽ ሣህሌ ወተቱን ከፍ አድርገው «ውሮ! ውሮ! ውሮ!» እያሉ ገቡ።

«በዓርብ! ወተት!» አለች ወይንእሸት።

ቦዩ ዳር አንድ ውሻ ተዘርሯል። ሌላ ዳለቻ ውሻ፣ ጥጃ የሚያክል፣ ቆሞ ያጉረመርማል። በሁለቱ መሀል አመድማዋ ቁራጭ ሥጋ ላይ ጥርሷን ተክላለች። ሁላችንም ቀጥ አልን። ደፋር የሚባሉት ጎረምሶች ድንጋይ ፈለጉ፤ ድንጋዩን ለማንሳት ግን ወደ ፊት መሄድ ነበረባቸው።

ጋሽ ሣህሌ ሄዱ። እየተንቀጠቀጡ ሄዱ፤ ወተቱ በየእርምጃቸው ይፈሳል። ውሻው ጥርሱን አሳያቸው። «ይቅርታ» አሉት። ጎንበስ ብለው ሥጋውን ከድመቷ አፍ ነጠቁ። ቧጠጠቻቸው። ውሻውም እንዳይበላው ሥጋውን ጨብጠው ያዙና ወደ እኛ ዞሩ።

«ዋጠች? አልዋጠችም? ያየ የለም?»

ያየ አልነበረም።

ቄስ አካለ ወልድ ሰዉን ገፍተው ቀረቡ። ጋሽ ሣህሌ በአንድ እጃቸው መርዝ፣ በሌላው የወተት ጣሳ ይዘው አንገታቸውን ደፉ።

«አባቴ፣ እኔ አልጠጣሁም…»

«ዝም በልና ያንን አፈር አልብሰው፤ እጅህንም ታጠብ!» አሉና ወደ እኛ ዞሩ። «የመርዝ ማርከሻ ወተት ነው፤ ጣሳው ደግሞ ባዶ ቀርቷል። ምን ትገተራላችሁ? ወተት አምጡ እንጂ!»

በሁዳዴ፣ በዓርብ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ወይንእሸት ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ሳብሪያ ደጅ በረረች። ሁለቱ ተያይዘው ሙሉ ሳህን ወተት ይዘው መጡ። ጋሽ ሣህሌ በጣታቸው እያንጠባጠቡ አጠጧት። አስመለሳት፣ ተንዘፈዘፈች፣ ከዚያ ጸጥ አለች። እህል ሳይቀምስ የዋለ ሰው ሁሉ ቤቱ ምሳ እንዳለ ረስቶ ከበባት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ጆሮዋ ተነቃነቀ። ቀና አለችና አፍንጫዋን ሳህኑ ውስጥ ነከረች። ወይንእሸት እልል አለች። ቄስ አካለ ወልድ በሁዳዴ እልልታ እንደሌለ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

ጋሽ ሣህሌ ግን መነሳት አቃታቸው። ጀርባዬን ሰጥቼ አዘልኳቸው፤ እንደ ነዶ ቀለሉኝ። ድመቷ በደረታቸውና በጀርባዬ መሀል ሆና ኩርር ትላለች።

«ቀስ በል ልጄ፤ ፊት ለፊትህ ድንጋይ አለ» አሉኝ።

ድንጋይ አልነበረም። ዞሬ አለፍኩት።