ከቤርሼቫ ጎንደር ስንት ሰዓት ነው?

ከቤርሼቫ ጎንደር ስንት ሰዓት ነው? ልጄን ሊሮንን ብትጠይቋት ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ ትነግራችኋለች፤ ከእስራኤል እስከ አዲስ አበባ አራት ሰዓት በአየር፣ ከዚያ ጎንደር አንዲት ሰዓት። ስልክ ብዙ ያውቃል። መንገድ የሚረዝመውም የሚያጥረውም እንደተጠራችሁበት ጉዳይ መሆኑን ግን አያውቅም። ለሠርግ ከሆነ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትገልጡ ደርሳችኋል። «ትንሽ አሟታልና ብቅ በል» ከተባላችሁ ግን እግዜር ይሁናችሁ።

እንደምታውቁት እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። ሰው በሩቅ አገር ብቻውን ሰምቶ እንዳይወድቅ «ትንሽ አሟታል» ይባላል፤ መርዶውን አገር ቤት ከገባ በኋላ፣ ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው ያረዱታል። ደግ ልማድ ነው። ችግሩ፣ በእውነት ትንሽ ለታመመ ሰው የሚሆን ሌላ ቃል አላስቀረንም።

አምና ጌትነት፣ የእህቴ ልጅ፣ ከጎንደር ደወለልኝ። እናቱ እቴቴ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ ወደዚህ ለመምጣት ተራዋን ስትጠብቅ እዚያው አርጅታለች።

«ጋሼ፣ እማዬን ትንሽ አሟታል። ከቻሉ ብቅ ይበሉ» አለኝ።

«እስቲ አገናኘኝ» ማለት አቅቶኝ አይደለም፤ ፈራሁ። «ተኝታለች» ቢለኝስ?

ሊሮን ፊቴን አይታ «አባ፣ ማ ካራ? ምን ሆንህ?» አለችኝ።

«አክስትሽን ትንሽ አሟታል።»

«ቤሴደር፣ እሺ፣ ትድናለቻ!» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። እዚሁ ቤርሼቫ፣ ሽኩና ሄ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ የሰማችው የተባለውን ብቻ ነው። ቀናሁባት።

አውሮፕላኑ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝ። «እህቴን ትንሽ አሟታል» ስላቸው ምግባቸውን ገፋ አድርገው «እግዜር ያጥናህ» አሉኝና ደንግጠው አፋቸውን ያዙ። መስኮቱን ዘጋሁት። ሌላው ሰው ቶሎ እንዲደርስ ሲለምን እኔ ባንደርስ ብዬ ለመንሁ፤ እስካልደረስሁ ድረስ እቴቴ በሕይወት አለች።

ደረስን። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ፣ «እቴቴ! እቴቴ!» እያልሁ ደጇን ስገባ፣ እቴቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አጥሚቷን ትጠጣለች።

ትንሽ አሟት ነበር።

እኔ በደስታ ልሞት ደረስሁ። እሷ ግን ኩባያውን ጣለችው። ወንድም ከባሕር ማዶ ሳይታሰብ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ፣ እያለቀሰ ቢገባባችሁ እናንተስ ምን ትላላችሁ?

«ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም እቴቴ።»

«አትደብቀኝ! ሊሮን ናት?» አለችና ደረቷን ትደቃ ጀመር።

አይፈረድባትም። ሰው ሲሞት የምንለው «ማንም አልሞተም» ነው። ጎረቤቱ ጩኸቱን ሰምቶ ለለቅሶ ግቢውን ሞላው። ሊሮን በስልኩ መስታወት ላይ ከነነፍሷ እስክትታይ ድረስ እቴቴን ማንም ሊያቆማት አልቻለም።

ስንለያይ ጌትነትን አስማልሁት፤ ከእንግዲህ «ትንሽ አሟታል» የምትል ቃል ከአፉ እንዳትወጣ። ማለልኝ፤ እኔም እፎይ ብዬ ተመለስሁ።

ትናንት ጌትነት ደወለ። ገና ሰላም ሳንባባል፣ ሳልጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እማዬ በጣም ደህና ናት። ምንም አልሆነችም» አለኝ። ቀጥሎም «ከቻሉ ብቅ ይበሉ» ብሎ ጨመረበት።

ሊሮን፣ ከቤርሼቫ ጎንደር ስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?