በእናቴ ኤክስሬይ ስፒከር ጠገንኩ

መጀመሪያ ተቀመጡ። ቆማችሁ የምታነቡት ነገር አይደለም።

ዛሬ ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት፣ በእናቴ ሰደቃ ላይ፣ እናቴን በመቀስ የቆራረጥኳት እኔ መሆኔ ታወቀ።

ቆይ፣ ፖሊስ አትጥሩ! እማ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። የቆራረጥኩት ኤክስሬይዋን ነው። አባባን ብትጠይቋቸው ግን ልዩነቱ ብዙም አይታያቸውም።

ከሥሩ ልንገራችሁ።

ጋምቤላ ከተማ አንድ ፈረንጅ ኮንትራቱ አልቆ ሊሄድ ሲል ዕቃውን ሸጠ። ሰው ፍሪጅና ፍራሽ ላይ ይጋፋል። እኔ ደግሞ ጥግ ላይ ሁለት ትንንሽ የእንጨት ስፒከሮች አየሁ፤ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡት ዓይነት። ወደድኳቸው በቃ! "የሚሠሩ አይመስለኝም" ብሎ ሰውየው በግልጽ ነግሮኛል። የሰማው ማን ነው?

ቤት ወስጄ የፊቱን ጨርቅ ሳነሳ ፎሙ አልቋል። ድምፅ የሚያወጣውን ወረቀት ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው ለስላሳ ቀለበት ማለቴ ነው። በጣት ስትነኩት እንደ ደረቅ ብስኩት ይፈረፈራል። በዚህ ሙቀት ሰውም ይፈረፈራል፣ ፎም ምን ያድርግ!

"ስፒከር ለምን አስፈለገሽ?" ለምትሉኝ፣ በአንድ ካሴት ምክንያት ነው።

አባባና እማ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ወደዚህ ወደ ጋምቤላ፣ አቦቦ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። እማ መጻፍ አትችልም፣ ወሎ የቀረችው እናቷም ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ደብዳቤያቸው ካሴት ነበር። ወደ አገር የሚሄድ ሰው ሲገኝ እማ ከሰው ቴፕ ትዋስና ፊቱ ቁጭ ብላ ታወራለች። አያቴ ስታርፍ አጎቴ ከዕቃዋ መሃል አንዱን ካሴት አገኘና መልሶ ላከልን። የእማ ድምፅ የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ችግሩ፣ አባባ ጆሯቸው ከብዷል። ካሴቱን በስልኬ ቀድቼ ባሰማቸው፣ ትንሽ አዳመጡና "ንብ ነው እንዴ?" አሉኝ።

ሳቅኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በሦስተኛ ዓመቷ ሰደቃ ላይ አባባ እማን ይሰማሉ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሌላ ምንም ዓላማ አልነበረኝም፤ ይኼን ያዙልኝ።

ገበያው አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግን ኡጁሉ የሚባል አኙዋክ ወዳጅ አለኝ። ስፒከሮቹን ወሰድኩለት። ገለባበጣቸው፣ እፍ አለባቸው፣ ሳቀ።

"ተይው፣ እኔ እሠራለሁ። ሁለት ሳምንት ብቻ።"

ሁለት ሳምንት የለኝም! ደግሞስ ዩቲዩብ አይቻለሁ። አንድ ራሰ በራ ሰውዬ በአሥራ አምስት ደቂቃ ጨርሶ እጁን ሲጠርግ አይቻለሁ። እኔ ከሱ በምን አንሳለሁ? ፀጉርም አለኝ!

ኡጁሉ ጭንቅላቱን ነቀነቀና መከረኝ። "ፎም ማጣበቅ ቀላል ነው። ከባዱ መሃል ማድረግ። ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ብረቱን ከነካ ድምፁ ይሻክራል። ስለዚህ ሙጫው እስኪደርቅ፣ በሽቦውና በብረቱ መሃል ዙሪያውን ቀጭን ነገር ሰክተሽ ትጠብቂያለሽ። ወረቀት ይታጠፋል። ኤክስሬይ ፊልም ጥሩ ነው። አሮጌ፣ ማንም የማይፈልገው። እኛ ሁልጊዜ በእሱ ነው።"

"አሮጌ" ብሎኛል። "ማንም የማይፈልገው" ብሎኛል። እኔ ይዤ የሄድኩት "ኤክስሬይ ፊልም ጥሩ ነው" የምትለዋን ብቻ ነበር።

አዲሱ ፎም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣልኝ። የዛሬ ሦስት ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ስፒከሮቹን እንደ መንታ ልጆች ታቅፌ አቦቦ ገባሁ። አባባ ማሳ ላይ ነበሩ። የድሮውን ሙጫ ስፍቅ፣ ጥፍሬን ስሰብር፣ መሃሉ ላይ ያለችውን ክብ ክዳን በምላጭ ሳነሳ ዋልኩ። ኮንፊደንሴ ጣራ ነክቷል!

አሁን የቀረችው ኤክስሬይ ብቻ ናት።

የአባባ ሳጥን ውስጥ፣ ከልብሳቸው ሥር አንድ ቡናማ ፖስታ አገኘሁ። ከፈትኩት። ኤክስሬይ! አምና አባባ ሲያስላቸው ከተማ ወስጄ አስነስቻቸው ስለነበር፣ የእሳቸው መሰለኝ። ሳሉ ድኗል፣ ፊልሙ ከዚህ በኋላ ምን ይሠራል?

እዚህ ላይ ሥራዬን ልንገራችሁና ሳቁብኝ። ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ስቶር ኪፐር ነኝ። ካርቶን ላይ የተጻፈውን ሳያነብ የሚነካ ሰው ካየሁ መጋዘኑ እስኪነቃነቅ እጮሃለሁ። "ሌብሉን አንብቡ!" ስል ስለምውል የሥራ ባልደረቦቼ ስሜን "ሌብል" ብለውታል።

ፊልሙ ጥግ ላይ በነጭ የተጻፈ ስም ነበር።

ሌብል አላነበበችም።

ጠርዙ በእርጥበት ተጠማዝዞ ስለነበር ከመሃል ቆረጥኩ። ለአንዱ አራት፣ ለሌላው አራት፣ ስምንት ቀጥ ያሉ ቁራጮች። በእጄ ጽዳት ኮራሁ! የተረፈውን በሥርዓት ወደ ፖስታው፣ ፖስታውንም በሥርዓት ወደ ሳጥኑ መለስኩ። በማግስቱ ሙጫው ደረቀ፤ ቁራጮቹን መዝዤ ከተፋቀው ፎም ጋር ጓሮ አቃጠልኳቸው።

አዎ። አቃጠልኳቸው።

ዛሬ ሰደቃው ሆነ። ማንጎው ሥር ዱዓ ተደረገ፣ ተበላ፣ ለእማ ምሕረት ተለመነ። እስላሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ነበር። ከጎረቤት የተዋስኩትን የሶላር ባትሪና ቴፕ ከስፒከሮቹ ጋር አገናኘሁ፣ ካሴቱን ከተትኩ፣ ስልኬን ቪዲዮ ላይ አድርጌ አባባ ፊት ቆምኩ። ለእናንተ ልለጥፍላችሁ ነበራ!

መጀመሪያ የካሴቱ ሹሹታ። ከዚያ የሆነ ዶሮ ጮኸ። ከዚያ እማ።

"እናቴ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱን ብቻ አትጠይቂኝ።"

ሰው በሙሉ ሳቀ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፣ አንዲት ቦታ አልሻከረም። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እማ ቀጠለች፤ "ሰይድም ደህና ነው። ከስቷል፣ ግን ደህና ነው። ምግብ አብዢለት እንዳትዪኝ፣ አብዝቻለሁ።"

ሰይድ አባቴ ናቸው።

አባባ ለመስማት ጆሯቸው ሥር ያደረጉትን መዳፍ አወረዱ። "እሷ ናት" አሉ። "ወላሂ እሷ ናት!"

ተሳክቶልኛል እኮ! እያለቀስኩ እቀርጻለሁ፣ እየቀረጽኩ አለቅሳለሁ። እንደ ዛሬ በራሴ ተደስቼ አላውቅም። አንድ ደቂቃ ያህል ቆየልኝ።

አባባ በድንገት ተነሱ። "ቆይ፣ ላምጣት" አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ማንን ነው የሚያመጡት?

ቡናማውን ፖስታ ይዘው ሲወጡ አየሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያኔም አልገባኝም። የእሳቸውን ሳንባ ለሰው ሊያሳዩ መሰለኝ!

"ጠዋት ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ አያታለሁ" አሉ ለሰዉ፣ ትንሽ እያፈሩ። "ሰሞኑን በድግሱ ሥራ አላየኋትም። ድምጿን እየሰማሁ ልያት።"

ከዚያ ፊልሙን አውጥተው ወደ ፀሐይ አነሱት።

መሃሉ የለም። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ አልፎ ፊታቸው ላይ ወደቀ። እማ ካሴቱ ላይ ስለ ፍየሎቹ ትጠይቃለች፤ ትልቋ ወለደች ወይ ትላለች። ማንም አላጠፋትም። እኔ ስልኬን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

"ምን በላት?" አሉ አባባ። "አይጥ ነው?"

ልናዘዝላችሁ ነው የመጣሁት፣ አልዋሽም። አይጥ ሆኜ ልቀር አስቤ ነበር! አፌን ልከፍት ስል እትዬ ጥሩወርቅ ቀረብ ብላ አየችው።

"አይጥ እንዲህ በመስመር አይቆርጥም" አለች።

"እኔ ነኝ አባባ" አልኩ። "የእርስዎ መስሎኝ ነው። ለስፒከሩ ነው የቆረጥኩት።"

ቢቆጡኝ፣ በከዘራ ቢሉኝ እንዴት ደስ ባለኝ! አልተቆጡም። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ፊልሙን ጭናቸው ላይ አደረጉት። ጣታቸውን ክፍቱ ቦታ ላይ አኖሩ።

"ሐኪሙ ትንፋሽሽን ሳቢና ያዢ አላት" አሉ። "በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ አያታለሁ። ሳበችና ያዘች። መታወቂያዋ ላይ ያለው ፎቶ ፈርታ ነው፣ እሷን አይመስልም። እዚህ ላይ ግን ትንፋሿን እንደያዘች ናት።"

ፊልሙን ቀስ አድርገው ወደ ፖስታው መለሱት።

"ድምጿ የሁላችንም ነው፤ ደግ አደረግሽ። ይቺ ግን የኔ ነበረች።"

ከዚያ ቀና ብለው እንግዶቹን አዩና ነገሩን ሊያቀሉልኝ ፈለጉ። "ከፍ አድርጊው እንጂ" አሉኝ፣ "ሰው ይስማ።"

ከፍ አደረግኩት።

ጓሮ ሄጄ አመዱን በእንጨት ጫርኩ። ከዚያ ያነሳትን ሆስፒታል በስልክ ጠየቅኩ፤ የዚያን ጊዜ ፊልም ቅጂ አይቀመጥም፣ ለባለቤቱ ተሰጥቷል አሉኝ። ባለቤቱማ ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል!

ኡጁሉ ጋ ደወልኩ። "ኤክስሬይ ይጠገናል?" አልኩት። ምን እንደሆነ ነገርኩት።

"እህቴ፣ ማንም የማይፈልገው አልኩሽ እኮ።"

"ማንም የማይፈልገው መስሎኝ ነበር።"

"ጠየቅሽ?"

አልጠየቅኩም። ማሳው ከቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። "አባባ፣ ይሄ የማን ነው?" ለማለት አሥር ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። እኔ እማ የምትናፍቀው እኔን ብቻ መስሎኝ፣ እሳቸው ምን ይዘው እንደሚያድሩ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ! ከኤክስሬዩ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ቪዲዮውን አትጠይቁኝ፣ አልለጥፈውም።

ነገ ሥራ ስላለኝ ወደ ከተማ መመለስ ነበረብኝ። አባባ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። መኪናው ሲመጣ ፖስታውን በፌስታል ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩት።

"እነዚያ የድምፅ ሳጥኖች አይሠሩም ተብለው ነበር አልሽኝ፤ አንቺ ግን አናገርሻቸው" አሉ። "እንግዲህ ጠጋኝ ሆነሽ የለ? ይቺንም ጠግኚልኝ። አትቸኩዪ፣ ቢቆይም እጠብቃለሁ።"

እየቀለዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አልቀለዱም።

"እሺ አባባ" አልኩ።

ይኼን የምጽፍላችሁ ወደ ጋምቤላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው። ሾፌሩ ጎድጓዳ በገባ ቁጥር ፖስታውን ደረቴ ላይ ጥብቅ አደርገዋለሁ። ከዚህ በላይ እንዳይጎዳ! አሁን መጣልሽ ጥንቃቄ፣ በሉኝ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ከ"እሺ" ሌላ ምን ልላቸው እችል ነበር?